የህመም ማስታገሻ ከመዋጥዎ በፊት የኮክስን ሥራ አገናዝቦ እንዴት መምረጥ እንደሚቻል

አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ህመምን የሚያስታግሱት ሳይክሎኦክሲጂኔዝ፣ በአጭሩ ኮክስ፣ የተባለውን ኢንዛይም በማገድ ነው፤ አስፕሪንና መሰሎቹ የፕሮስታግላንዲንን ምርት እንደሚያግዱ እንግሊዛዊው የመድኃኒት ተመራማሪ ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 አሳይተዋል። ኢንዛይሙ ፕሮስታግላንዲን የተባሉትን ንጥረ ነገሮች ለማምረት ያገለግላል፤ እነዚህም ትኩሳትንና እብጠትን ቢያስከትሉም የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቁ ናቸው። ስለዚህ መድኃኒቱን ስንመርጥ የምናጣውንም ጥቅም ማሰብ ይገባናል።

በመጀመሪያ ብግነት መኖሩን ይለዩ። እብጠትና መቅላት የሌለበት ተራ ራስ ምታት ወይም ትኩሳት ከሆነ ፓራሲታሞል ብዙ ጊዜ በቂ ነው፤ በታዘዘው መጠን ከተወሰደ ጨጓራን እምብዛም አይጎዳም።

ቀጥሎ ጨጓራዎን ያስቡ። ቁስለት የነበረበት፣ ዕድሜው የገፋ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪም ሳያማክር እንደ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ያሉትን ኮክስን የሚያግዱ መድኃኒቶች መጀመር የለበትም። ብዙዎች በመርፌ ሲወሰድ ጨጓራ የሚተርፍ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ በደም ተሰራጭቶ ኮክስ-1ን፣ ማለትም ጨጓራን የሚጠብቀውን የኢንዛይሙን ዓይነት፣ ስለሚያግድ አደጋው አይቀርም።

በዋናነት ኮክስ-2ን፣ ማለትም በብግነት ጊዜ የሚበዛውን ሌላውን የኢንዛይሙን ዓይነት፣ የሚያግዱት እንደ ሴሌኮክሲብ ያሉት ለጨጓራ ይሻላሉ። ይሁንና የደም ሥሮች፣ የደም መርጋትን የሚከላከለውን ፕሮስታሳይክሊን የሚያመርቱት በአብዛኛው በኮክስ-2 ስለሆነ፣ የልብ ወይም የስትሮክ ታሪክ ላለው ሰው አይመከሩም፤ ከዚሁ ምድብ የነበረው ሮፌኮክሲብ እ.ኤ.አ. በ2004 ከገበያ የወጣውም በዚሁ ሥጋት ነው።

ለልብዎ በየቀኑ አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን የሚወስዱ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። አስፕሪን ደም እንዲረጋ በሚያደርጉት የደም ሴሎች፣ በፕሌትሌት፣ ውስጥ ያለውን ኮክስ-1 እስከ መጨረሻው ያሰናክለዋል፤ ፕሌትሌት ኒውክሊየስ ስለሌለው ኢንዛይሙን አይተካም፣ ውጤቱም ሴሉ በሚኖርባቸው ከ7 እስከ 10 ቀናት ይዘልቃል። አይቡፕሮፌን ቀድሞ ከተወሰደ ግን የአስፕሪንን ቦታ ይይዝበታል። በመሆኑም ተራውን፣ ሽፋን የሌለውን አስፕሪን አስቀድመው ወስደው፣ አይቡፕሮፌኑን ቢያንስ ከ30 ደቂቃ በኋላ ይዋጡ።

የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች፣ እንዲሁም እርግዝናቸው 20 ሳምንት ያለፈ ነፍሰ ጡሮች ኮክስን የሚያግዱትን መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዱ፤ ለትኩሳት ሲባል ለልጆች አስፕሪን አይሰጥም። ሌላው ሰው ደግሞ በዝቅተኛው መጠን፣ ለአጭር ጊዜ ይጠቀም፤ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ከታየ መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ተቋም ይሂድ።