ኪሳችንን ብቻ የሚያናግር እጩ ሲመጣ ምን እናድርግ?

የምርጫ ሰሞን አንድ ነገር ያንገበግበኛል። ውሸቱ አይደለም። «ላም አለኝ በሰማይ» የሆነ ተስፋማ ስንቱን ሰምተናል። የሚያንገበግበኝ እጩው ፊት ለፊቴ ቆሞ «እርስዎ ከዚህ ምን እንደሚያገኙ ልንገርዎት» ሲለኝ ነው። ስለ ትምህርት ቤቱ ሊነግረኝ ይችል ነበር። ስለ ሆስፒታሉ፣ ስለ ፍርድ ቤቱ፣ ስለሚጨፈጨፈው ደን። እሱ ግን የታየው ኪሴ ነው።

እኔም አንድ ጊዜ በኪሴ መርጫለሁ። ከዓመታት በፊት ለከተማ ምክር ቤት የሚወዳደር አንድ ሰው የቤት ግብር እቀንሳለሁ አለ። በየበሩ ወረቀት አስበተነ። ወረቀቱ ላይ ሠንጠረዥ ነበር፤ በግራ በኩል የቤቱ ስፋት፣ በቀኝ በኩል «በዓመት የሚተርፍልዎት»። እርሳስ አንስቼ የእኔን ረድፍ ፈለግኩ። አገኘሁት፤ አሰመርኩበት። ወረቀቱን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩት። የምርጫው ቀን ሲደርስ ሌላ ምንም ሳላስብ ሰውየውን መረጥኩ።

ቃሉን ጠበቀ። ግብሩ ቀነሰ። ሰባት ወር ሳይሞላ ግን የሌሊቱ አውቶቡስ ቀረ። በጀት የለም ተባለ።

ጎረቤቴ ነርስ ናት። ፈረቃዋ የሚያልቀው ሌሊት 10 ሰዓት ነው። አውቶቡሱ ከቀረ በኋላ አርባ ደቂቃ በእግሯ መምጣት ጀመረች። አንድ ቀን ማለዳ ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ጫማዋን አውልቃ ተረከዟን ስታሽ አገኘኋት። ማንን እንደመረጥኩ ነገርኳት። መደበቁ ከበደኝ። አልተቆጣችም። «ወረቀቱ እኔም ጋ ደርሷል» አለችኝ። «ግን ተከራይ ነኝ። የእኔ ረድፍ አልነበረበትም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅስቀሳ የማዳምጠው በሌላ መንገድ ነው።

መጀመሪያ ደብተር ያዙ። ስልክም ይሆናል፤ እኔ ግን በእጄ ስጽፍ ይበልጥ አስተውላለሁ። እጩው የገባውን ቃል በራሱ አነጋገር፣ ከነቀኑ ጻፉት። «ግብር ይቀንሳል» ማለትና «ለቤት ባለቤቶች ግብር ይቀንሳል» ማለት ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ወደ ቤት ስትመለሱ ከአእምሯችሁ የምትጠፋው ያቺ «ለቤት ባለቤቶች» የምትለዋ ናት። ከጎኑ አጭር ምልክት አድርጉ፦ ይሄ «ለእርስዎ» ነው ወይስ «ለሁላችን»? ንግግሩ ሲያልቅ ቁጠሩት። በአንድ ምሽት ንግግር ሃያ ስድስት «ለእርስዎ» እና ሁለት «ለሁላችን» ቆጥሬ አውቃለሁ። ሁለቱም የመጡት መጨረሻ ላይ፣ ሰው ማጨብጨብ ከጀመረ በኋላ ነበር።

ስትቆጥሩ ግን ፍትሐዊ ሁኑ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 1980 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የሚወዳደረው ሮናልድ ሬገን ከወቅቱ ፕሬዚዳንት ከጂሚ ካርተር ጋር ሲከራከር አሜሪካውያንን «ከአራት ዓመት በፊት ከነበራችሁበት የተሻለ ኑሮ ላይ ናችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው። እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው ይሄ ጥያቄ ነው። ሬገን ግን እዚያ ላይ አላቆመም። በአገሪቱ ሥራ አጥነቱ ጨምሯል ወይስ ቀንሷል፣ አሜሪካ በዓለም ፊት እንደ በፊቱ ትከበራለች ወይ ብሎም ጠይቋል። ሕዝቡ ያስታወሰው የኪሱን ጥያቄ ብቻ ነው። ስለዚህ ለኪሳችሁ ከተነገረው ቀጥሎ የሚመጣውን ዓረፍተ ነገር በጥሞና አዳምጡ። ቀጥሎ ምንም ካልመጣም እሱን ጻፉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በእያንዳንዱ «ለእርስዎ» አጠገብ የምጽፋቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉኝ፦ ከየት? ማን ቀረ? መቼ?

«ከየት» ማለት ገንዘቡ ከማን ኪስ ወጥቶ ነው የሚመጣው ማለት ነው። ሁለት መልሶች ቶሎ ይመጣሉ። አንዱ «ብክነት በመቀነስ» ነው። ሌላው «ኢኮኖሚው ሲያድግ» ነው። ሁለቱንም አትቀበሉ። የትኛው ብክነት? የትኛው መሥሪያ ቤት? ስንት ሠራተኛ? ኢኮኖሚው ባያድግስ ምን ይቀራል? ይሄን የሚያሰላ ገለልተኛ ተቋም ያላቸው አገሮች አሉ። በኔዘርላንድ የመንግሥት የኢኮኖሚ ትንተና ቢሮ ከ1986 ጀምሮ ፈቃደኛ የሆኑ ፓርቲዎችን የምርጫ ፕሮግራም እያሰላ ውጤቱን ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ያወጣል። በአውስትራሊያም ፓርላማው በ2012 እንዲህ ዓይነት የበጀት ቢሮ አቋቁሟል። በምትኖሩበት አገር ተመሳሳይ ተቋም ካለ ከፓርቲው ፖስተር በፊት የእሱን ሰነድ አንብቡ። ከሌለ ስሌቱ የእናንተ ነው፦ የሚሰጠው ገንዘብ ሲባዛ የሚቀበለው ሰው ብዛት። በወረቀት ላይ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ቁጥሩን ስታዩ ብዙ ነገር ይገለጥላችኋል።

«ማን ቀረ» የጎረቤቴ ጥያቄ ነው። በእያንዳንዱ ሠንጠረዥ ውስጥ የሌለውን ረድፍ ፈልጉ። ተከራዩ አለ? ልጅ የሌለው? ገና ድምፅ የመስጠት ዕድሜ ያልደረሰው? ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነው፤ የሌለውን ነገር ዓይን ቶሎ አያይም። እኔ አሁን የማደርገው ቀላል ነው። ከእኔ ኑሮ የተለየ ኑሮ ያላቸው ሦስት ሰዎችን አስባለሁ። ረቂቅ ሰዎች ሳይሆኑ በስም የማውቃቸውን። አንዷ ነርሷ ናት። ከዚያ ቃሉን በእነሱ ቤት ውስጥ አስገብቼ አየዋለሁ።

«መቼ» ላይ ደግሞ የቀን መቁጠሪያ ያስፈልጋል። በአሜሪካ በ1972 የጡረታ ክፍያ 20 በመቶ ጨመረ። ሕጉን ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፈረሙት በሐምሌ ወር መጀመሪያ ነው። የጨመረው ቼክ በየቤቱ የደረሰው በጥቅምት ወር፣ ምርጫው ደግሞ ኅዳር 7 ቀን ነበር። ከሠራተኛው ደመወዝ የሚቆረጠው መዋጮ ከፍ ያለው ግን ጥር ላይ፣ ምርጫው ካለፈ በኋላ ነው። ጭማሪው ለብዙ አረጋውያን አስፈላጊ ነበር፤ እሱን አልክድም። ግን ስጦታው ከምርጫ በፊት፣ ሂሳቡ ከምርጫ በኋላ ሲመጣ ቀኖቹን ጎን ለጎን ጻፏቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። የቤት ኪራይ የጨነቀውን ሰው «ለራስህ አታስብ» ማለት ነውር ነው። የራስን ችግር ይዞ ድምፅ መስጠት ሆዳምነት አይደለም። እኔ የምለየው እንዲህ ነው፦ ቃሉ በተመሳሳይ ችግር ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ፣ ማንንም ይምረጥ ማንንም፣ በሕግ የሚደርስ ከሆነ ፖሊሲ ነው። «ለደጋፊዎቻችን» ወይም «ለዚህ ሰፈር፣ ካሸነፍን» የሚል ሽታ ካለው ግን መደለያ ነው። እጅ ላይ የሚሰጥ ገንዘብ ደግሞ ጉቦ ነው፤ በብዙ አገር ሕግም ወንጀል ነው። ገንዘቡን የተቀበለ ሰው በፍርሃት «ካልመረጥኩት ያውቅብኛል» ሲል ሰምቻለሁ። ድምፅ በሚስጥር የሚሰጠው ለዚሁ ነው። ቪክቶሪያና ደቡብ አውስትራሊያ በመንግሥት የታተመ የምርጫ ወረቀትን በ1856፣ ብሪታንያ ደግሞ በ1872 ሲያስገቡ ድምፅ ገዢውና አስፈራሪው የመራጩን እጅ እንዳያዩ ብለው ነው። ይሄን በተለይ ለአረጋውያን ንገሯቸው።

ስብሰባ ላይ ጥያቄ ለመጠየቅ ካሰባችሁ ቀደም ብላችሁ ሂዱ፣ መተላለፊያው አጠገብ ተቀመጡ፣ ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ያዙ። አትክሰሱ። «ለምን ትዋሻላችሁ» የሚል ሰው መልስ አያገኝም፤ የሚያገኘው ከአዳራሹ የሚያስወጣው የጥበቃ ሠራተኛ ነው። እኔ የምጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እኔ በግሌ ምንም ባላገኝ እንኳ እርስዎን ለምን ልምረጥ?»

ብዙዎቹ ወዲያው ወደ ሠንጠረዡ ይመለሳሉ። «አይ፣ እርስዎማ ያገኛሉ!» ይላሉ። አንዲት እጩ ግን ዝም አለች። ማይክሮፎኑን ከአፏ አራቀች። ከዚያ የከተማው የውሃ ቧንቧ አርጅቷል፣ መቀየሩ ዓመታት ይፈጃል፣ እስኪያልቅ መንገዱ ይቆፈራል፣ ክፍያውም ይጨምራል አለች። «ጥቅሙን የሚያዩት ልጆቻችሁ ናቸው» አለች። አዳራሹ ቀዘቀዘ። እኔ ደብተሬ ላይ ስሟን ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ተሸነፈች። እንዲህ ያለ ሰው ሲሸነፍ አማካሪዎች ሁሉ ትምህርት ይወስዳሉ። በ1984 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ዋልተር ሞንዴል ግብር እንደሚጨምር በግልጽ ተናገረ፤ ከ50 ግዛቶች በ49ኙ ተሸነፈ። የተሸነፈው በዚያ ብቻ አልነበረም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ያንን ቃል ለመድገም የሚደፍር ጥቂት ነው። ስለዚህ እውነት የነገራችሁን እጩ፣ ባትመርጡት እንኳ፣ ስለ እውነቱ አመስግኑት። ደብዳቤ ጻፉለት። እኔ ለዚያች ሴት ጽፌላታለሁ።

እኛ መራጮች ደግሞ እጩዎቹ እንደሚያስቡን ኪስ ብቻ አይደለንም። ዶናልድ ኪንደርና ሮድሪክ ኪዊት የተባሉ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁራን በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባወጡት ጥናት፣ አሜሪካውያን መራጮች ሲወስኑ ከራሳቸው ኪስ ይልቅ የአገሪቱ ኢኮኖሚ ሁኔታ እንደሚያመዝንባቸው አሳይተዋል። ይሄን ሳነብ ደስ ብሎኛል። እጩዎችም ቢያነቡት እመኛለሁ።

ደብተሩን ከምርጫው በኋላ አትጣሉት። የተመረጠው ሰው ቃሉን ጠበቀ ወይ የሚለውን በየስድስት ወሩ አያለሁ፤ ከጎኑም ለዚያ ሲባል ምን እንደቀረ እጽፋለሁ።

ባለፈው ሳምንት በበሬ ስር አዲስ ወረቀት ገባ። ይሄኛውም ሠንጠረዥ አለው። እርሳሴን ይዤ የነርሷን በር አንኳኳሁ። ወረቀቱንም እርሳሱንም ለእሷ ሰጠኋት።