ከልብ ስብራት በኋላ፦ መጽሐፍ ይዞ ወደ ፍቅር መመለስ

በተለያያችሁ ሰሞን ወፍራም ልብ ወለድ አትጀምሩ። ሐሳብ ስለሚሸሽ አንዱን ገጽ ሦስቴ ታነቡና ትተዉታላችሁ። አጭር ልብ ወለድ ይሻላል፤ በአንድ ቁጭታ አንድ ታሪክ፣ 15 ደቂቃ ይበቃል። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት፤ የቀድሞ ወዳጅን ፎቶ ማገላበጥ ቁስሉን ይነካካዋል። ሐሳብ አሁንም ካስቸገረ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፤ ዓይን የዘለለውን ምላስ ይይዘዋል።

የጅማ ክረምት ለዚህ ምቹ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መውጫ የለም፤ ቡናው ከአቦል በረካ እስኪደርስ አንድ ታሪክ ያልቃል። ያገለገለ መጽሐፍ ስትገዙ ታዲያ የመጨረሻዎቹ ገጾች መኖራቸውን እዩ፤ መጀመሪያ የሚገነጠሉት እነሱ ናቸው።

እንባ ሳይቀድማችሁ አንድ ታሪክ መጨረስ ስትችሉ፣ ደስ ለሚላችሁ ሰው መጽሐፍ አውሱ። መጽሐፉ ሲመለስ ዳግም መገናኛ ይሆናል። ቀጠሮውን በቀን አድርጉት፤ ጅማ አጠገብ ወዳለው ጅሬን ኮረብታ ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እያዩ ማውራት ፊት ለፊት ተፋጦ ከመቀመጥ ይቀላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ በመጀመሪያው ቀን የድሮውን ፍቅር ይዘረግፋል። እናንተ ስለ ገጸ ባሕርያቱ አውሩ። በሐሳብ ስትለያዩ እንዴት እንደሚመልስላችሁ አዳምጡ፤ አክባሪነቱ የሚታየው እዚያ ነው። መጽሐፉን ካስቀረ አንዴ ጠይቁ፣ ከዚያ ተዉት።