ልጆችን አገር ቤት ካሉ አያቶቻቸው ጋር በስልክ ማቀራረብ

«ና፣ ለእምዬ ሰላም በላት» ተብሎ ስልክ የተሰጠው ልጅ ብዙውን ጊዜ «ሰላም፣ ደህና ነኝ» ብሎ ዝም ይላል፤ አያትም ስለ ጤናውና ስለ ትምህርቱ ከጠየቁት በኋላ የሚጨምሩት ያጣሉ። ይህ የሚሆነው ፍቅር ጠፍቶ ሳይሆን አያትና የልጅ ልጅ አብረው የሚሠሩት ነገር ስላልተሰጣቸው ነው። እኔና ባለቤቴ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ሁለት ልጆች ስናሳድግ ይህን የተረዳነው ዘግይተን ነው፤ ደብረ ብርሃን የምትኖረው እናቴ ለብዙ ጊዜ ለልጆቼ በስክሪን ላይ የምትታይ እንግዳ ሆና በመቆየቷ ዛሬም ይቆጨኛል።

መጀመሪያ መስተካከል ያለበት የአያት ስልክ ነው። አዲስ መተግበሪያ ከማስለመድ ይልቅ በአካባቢያቸው ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን፣ ለምሳሌ ቴሌግራምን፣ መምረጥ ይሻላል፤ ሲቸገሩ የጎረቤት ልጅም ሊረዳቸው ይችላልና። በቅርብ ያለ ዘመድ ፊደሉን ያጉላላቸው፣ የልጆቹን ገጽ ከሁሉም በላይ ያድርግላቸው፣ ማንበብ ለሚቸገሩ አያቶች ደግሞ የልጁን ፎቶ አይተው እንዲለዩት ያሳያቸው። ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ማድረግም ጥቅሉ ቶሎ እንዳያልቅ ይረዳል። ከውጭ ሆኖ ካርድ መሙላት ስለሚቻል የኢንተርኔቱን ወጪ ለአያት ባይተዉት መልካም ነው። ወደ ስልካቸው የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር፣ ዘመድ ነኝ ለሚል ሰው እንኳን ቢሆን፣ ለማንም እንዳይናገሩ ደጋግመው ያስጠንቅቋቸው።

ቀጥሎ ሰዓት ነው። ዋሽንግተንና አካባቢው ከኢትዮጵያ በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ወደኋላ ስለሚቀር፣ በማርችና በኖቬምበር ሰዓታቸው ሲቀየር ቀጠሮው ሳይታሰብ ይዛነፋል። እኛ ቅዳሜ ጠዋት በአሜሪካ አቆጣጠር 9 ሰዓት ላይ እንደውላለን፤ ያ ሰዓት ለእናቴ እንደ ወቅቱ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው። ልጆቼ የኢትዮጵያን ሰዓት መቁጠር የለመዱት ይህን ቀጠሮ ሲያሰሉ ነው።

ሆኖም ከቪዲዮ ጥሪው ይበልጥ የረዳን የድምፅ መልእክት ነው። መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ቢቆራረጥ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ቢሆን መልእክቱ ይጠብቃል፤ ልጁም ያልገባውን ቃል መልሶ መስማት ይችላል። እኛ የጀመርነው በእንቆቅልሽ ነበር። እናቴ ማታ «እንቆቅልህ» ብላ ትልካለች፤ ልጄ «ምን አውቅልሽ» ብሎ ይመልሳል፤ እሷም «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው» ትለዋለች። አንድ ቀን ሙሉ አስቦ ሲያቅተው «አገር ስጠኝ» እንድትለው ይጠብቃል፤ አገር ለመስጠት ደግሞ የኢትዮጵያን ከተሞች ስም ማወቅ ስላለበት ካርታ ይፈልጋል። «ጎንደርን ሰጥቼሻለሁ» ሲላት ጎንደር ገብታ የሆነችውን እየተረከች ትቆይና መልሱ ወራጅ ውሃ መሆኑን ትነግረዋለች። ከሳምንታት በኋላ ልጁ የራሱን እንቆቅልሽ እየፈጠረ መላክ ጀመረ። ወላጅ በዚህ መካከል ባይገባ ይመረጣል።

የቪዲዮ ጥሪውን ለሚታይ ነገር ያቆዩት፤ ቡና ሲቆላ፣ ዳቦ ሲጋገር፣ ልጁ የወለቀ ጥርሱን ሲያሳይ። መስመሩ ሲዳከም ምስሉን አጥፍቶ በድምፅ መቀጠል ይቻላል። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ መመለስን ልጁ አስቀድሞ ከተለማመደ፣ አማርኛው ደካማ ቢሆንም ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሮ የጨዋታው ተካፋይ ይሆናል። ሲሳሳት በጥሪው መካከል ማረም አፉን ይዘጋዋል፤ «አንተ» ማለት የማይገባውን አያት «እርስዎ» እንዲል ከጥሪው በፊት ማለማመድ ግን የወላጅ ድርሻ ነው፤ አክብሮቱ የሚሰማው በዚያች ቃል ውስጥ ነውና።

በዓላትም አመቺ አጋጣሚዎች ናቸው። አገር ቤት ወንዶች ልጆች ለእንቁጣጣሽ ሥዕል ሥለው እንደሚያበረክቱ፣ ሴቶቹም «አበባየሆሽ» እንደሚሉ ለልጆችዎ ይንገሯቸው፤ ከጳጉሜን ጀምሮም ሥዕሉን ያዘጋጁ። ሥዕሉን ፎቶ አንስቶ ከመላክ ባለፈ፣ ዘመድ በአካባቢው ፎቶ ቤት አሳትሞ ለአያት እንዲሰጥ ያድርጉ፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ስልኩ ሲዘጋም ይታያል። ልጄ በጎረበጠ ፊደል ስሟን ጽፎ የላከላት ወረቀት እናቴ ቤት ከመስቀሉ ሥዕል ጎን ተለጥፏል።

ጥሪው ሲያልቅ ስልኩን ቶሎ አይንጠቁ፤ አያት «እደግ፣ ተመንደግ» ብለው እስኪመርቁ፣ ልጁም «አሜን» እስኪል ይታገሱ። ምርቃቱን፣ ተረቱንና እንቆቅልሹን የያዙትን የድምፅ መልእክቶች በየወሩ ወደ ኮምፒውተር አውርደው በቀናቸው እየሰየሙ ያስቀምጡ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ አካውንትም ሊዘጋ ይችላል። እኛ የመጀመሪያውን ዓመት መልእክቶች ያጣነው ስልክ ስንቀይር ነው፤ አሁን ግን ሁለት ቦታ እናስቀምጣቸዋለን፤ አንዱ ቅጂ እህቴ ዘንድ ነው።