የሰፈር ፕላን በክርና በማስመሪያ ሲነበብ

መኖሪያ፣ ሱቅና ቢሮ የተቀላቀሉበት አዲስ ሰፈር ሊሠራ ነው ተብሎ ለውይይት ስትጠሩ፣ ባለቀለሙን ሥዕል ተዉት። እዚያ ላይ ዛፉ ሁልጊዜ ለምለም ነው፣ ልጆቹም ፊኛ ይዘዋል። ያን ፊኛ ለዓመታት የሳልኩት እኔ ነኝ፤ አውቀዋለሁ። ሳይት ፕላኑን ጠይቁ፤ ሕንፃውንና መንገዱን ከላይ በልክ የሚያሳየውን ወረቀት ማለቴ ነው። ክር፣ ማስመሪያና እርሳስ ይዛችሁ ሂዱ።

መጀመሪያ ክሩ። ስኬሉ 1:2000 ከሆነ፣ ማለትም ወረቀቱ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 20 ሜትር ከሆነ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ክር 400 ሜትር ነው። የአምስት ደቂቃ መንገድ ማለት ነው። አንዱን ጫፍ አንድ ቤት በር ላይ በጣታችሁ ያዙት። ከዚያ ክሩን በእግረኛው መንገድ ላይ እያጠማዘዛችሁ ዘርጉት። በአየር ላይ አትለኩ፣ ሰው አይበርም። ክሩ ሳያልቅ ሱቅና የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ከደረሰ ጥሩ ነው። አጥር አዙሮ ከመለሳችሁ፣ እዚያው ቦታ ላይ በእርሳስ የእግረኛ በር ምልክት አድርጉ። አንዳንዴ የጎደለው እሱ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ግራውንዱ። እዚህ ላይ እኔ ራሴ ተሸውጃለሁ። አንድ ሕንፃ ላይ ለታችኛው ሱቅ እንደ መኖሪያዎቹ 3 ሜትር ከፍታ ሰጠሁት። የአየር ቱቦው ሲገባ ጣሪያው ጭንቅላት ላይ መጣ። ምግብ ቤት ሊከፍት የመጣው ሰውዬ ቀና ብሎ አየና ምንም ሳይናገር ወጣ። ቦታው መጋዘን ሆኖ ቀረ። አሁን ከ4 ሜትር በታች ካየሁ ለመቃወም እጄን አነሳለሁ። ደግሞ መንገዱ ሁሉ ሱቅ ይሁን አትበሉ። ገበያተኛው ይበተንና ግማሹ ተዘግቶ ይከርማል። ፌርማታው አካባቢ ቢሰበሰቡ ይሻላል።

ፓርኪንግ ደግሞ ቁጠሩ። አንድ መኪና ከነመዞሪያው ከ25 እስከ 30 ካሬ ይወስዳል። ያ እኮ አንድ ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው! ወጪው ኪራይ ውስጥ ስለሚገባ መኪና የሌለውም ይከፍላል። ፓርኪንጉ ከቤቱ ተነጥሎ እንዲከራይ ጠይቁ። የአሜሪካዋ ቡፋሎ ከተማ በ2017 እ.ኤ.አ. አልሚዎችን የሚያስገድደውን ዝቅተኛ የፓርኪንግ ቁጥር ሰርዛለች።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። «ተመጣጣኝ ዋጋ» ሲባል፣ ለማን? የተለመደው መለኪያ የቤት ወጪ ከቤተሰቡ ገቢ 30 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። ስለዚህ የስንት ገቢ ሰው ታስቦ እንደተሰላ ቁጥሩን አስነግሩ። ሁሉም ስቱዲዮ ከሆነ ሦስት ልጆች ያሉት ሰው የለበትም። ርካሾቹ ቤቶች ለብቻቸው ከጀርባ ከታጎሩም ዝም አትበሉ።

ለስንት ዓመትስ? በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት የምትገኘው ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ1974 እ.ኤ.አ. አልሚዎች ከሚሠሩት የተወሰነውን በዝቅተኛ ዋጋ እንዲያቀርቡ በሕግ አስገደደች። ግን የዋጋ ገደቡ ዘመን አጭር ስለነበር ብዙዎቹ ቤቶች ጊዜው ሲያልቅ ወደ ገበያ ዋጋ ሄዱ። በ2005 እ.ኤ.አ. ለሚሸጠው 30፣ ለሚከራየው 99 ዓመት ተደረገ። አልሚው በስብሰባው ላይ «አይዟችሁ፣ ለረጅም ጊዜ ነው» ካላችሁ፣ ዓመቱ የተጻፈበትን የውሉን ገጽ ቁጥር ጠይቁት።