የቫይታሚን እንክብል ሆድን ሳያውክ እንዴት ይወሰድ?

በትልቁ አንጀት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ቫይታሚን ኬንና አንዳንድ የቢ ቫይታሚኖችን ራሳቸው ስለሚያመርቱ፣ እንክብል ከመጀመርዎ በፊት በእርግጥ የጎደለዎት ነገር መኖሩን በሐኪም ምርመራ ያረጋግጡ። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ በስብ የሚሟሙ ስለሆኑ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይውሰዷቸው።

ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው በብዙ የቫይታሚን እንክብሎች ውስጥ የሚጨመረው የብረት ማዕድን ነው። በትንሹ አንጀት ሳይመጠጥ የቀረው ብረት ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርድ ጎጂ ባክቴሪያዎች እንዲበዙ ሊያግዝና ሆድ ሊያደርቅ ይችላል። በባዶ ሆድ የተሻለ ይመጠጣል፤ የሚያቅለሸልሽዎ ከሆነ ግን ከጥቂት ምግብ ጋር ይውሰዱት፣ ከሻይ፣ ከቡናና ከወተትም ያርቁት። ብረት ሲወስዱ ሰገራ መጥቆሩ የተለመደ ነው፤ ሆኖም እንደ ሬንጅ የሚጣበቅና ክፉ ሽታ ያለው ከሆነ የደም መፍሰስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ይታከሙ።

ቫይታሚን ሲ በቀን ከ2,000 ሚሊግራም ሲያልፍ፣ ያልተመጠጠው ክፍል ውሃ ወደ አንጀት ስለሚስብ ተቅማጥ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ በሚወስዷቸው እንክብሎች ሁሉ ያለውን የቫይታሚን ሲ መጠን ከየመለያ ጽሑፋቸው ደምረው ይመልከቱ። የሚታኘክ እንክብል ሆድዎን ከነፋው ጥፋቱ የቫይታሚኑ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ለማጣፈጫ የሚገባው ሶርቢቶል በባክቴሪያዎች ሲብላላ ጋዝ ይፈጥራል። ሁለት አዳዲስ እንክብሎችን በአንድ ቀን አይጀምሩ፤ ሆድዎ ቢታወክ የትኛው እንዳወከው መለየት ያስቸግራል።