ባርቤኪው ውድድር ሄዶ ተርቦ ላለመመለስ

በመቶ የሚቆጠር ምድጃ በሚጨስበት ሜዳ መሃል ቆሜ ቀዝቃዛ ሳንድዊች ገዝቼ በልቻለሁ። አሜሪካ ውስጥ ወደሚካሄድ አንድ የባርቤኪው (በእንጨት እሳትና ጭስ ቀስ ብሎ የሚበስል ጥብስ) ውድድር ብዙ ሰዓት ነድቼ ነው የሄድኩት፤ ሆዴ ባዶ ይሁን ብዬ ቁርሴን እንኳ ትቻለሁ። ሽታው ገና ከመኪና ማቆሚያው ይጣራል። ወደ መጀመሪያው ድንኳን ጠጋ ብዬ «ትንሽ መቅመስ ይቻላል?» ስል ሰውየው በትህትና ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ነው ምክንያቱን የነገረኝ።

1. መጀመሪያ የሚያበላችሁን ሰው እወቁ

ውድድር ሌላ፣ ፌስቲቫል ሌላ ነው። ማስታወቂያቸው ግን አንድ ዓይነት ስለሚመስል ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ውድድር ላይ ቡድኖቹ የሚጠብሱት ለዳኞች ነው። በብዙ ቦታ የጤና ደንቡ ፈቃድ የሌለው ቡድን ለሕዝብ ምግብ እንዳይሰጥ ይከለክላል፤ ስለዚህ ሰዎቹ ንፉግ ሆነው አይደለም።

እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በሜምፊስ፣ ቴነሲ፣ በሜይ ወር የሚካሄደውን፣ ሜምፊስ ኢን ሜይ የሚባለውን ትልቁን ውድድር እንውሰድ። የቡድኖቹ ድንኳን ለራሳቸው እንግዶች ነው፤ ካልተጋበዛችሁ ከነጋዴ ገዝታችሁ ነው የምትበሉት። ከ2024 ወዲህ ደግሞ ሜምፊስ ውስጥ ስሞክስላም የሚባል ሌላ ውድድር በዚያው ወር ተጀምሯል። ትኬት ስትገዙ የቱ እንደሆነ ስሙን ሁለት ጊዜ አንብቡ። በ1974 በተጀመረው የሂውስተኑ ውድድርም አብዛኛው ድንኳን በጥሪ ነው፤ ግን ለሕዝብ ክፍት የሆነ ክፍል ስላለው እዚያ ተመጋቢ የመሆን ዕድላችሁ የተሻለ ነው።

ፌስቲቫል ከሆነ የተለየ ነው። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ በሌክሲንግተን ከተማ በኦክቶበር የሚደረገው፣ በ1984 የተጀመረው ፌስቲቫል መግቢያው ነፃ ነው፤ የአሳማ ወርች ሥጋውን ገዝቶ መብላት ነው። ኬንታኪ ውስጥ ኦወንስቦሮ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ቡድኖች የበግ ሥጋ በእንጨት እሳት ጠብሰው፣ በርጉ የሚባለውን ወፍራም ሾርባ በትልልቅ ብረት ድስት ሠርተው ለሕዝብ ይሸጣሉ። ለመብላት ብቻ የሚጓዝ ሰው ቢጠይቀኝ ከስመ ጥሩ ሻምፒዮና ይልቅ ወደዚህ ዓይነቱ ነው የምልከው።

ከመሄዳችሁ በፊት ለአዘጋጆቹ ሁለት ጥያቄ ላኩ፦ ለሕዝብ የሚሸጠው ማን ነው? የመግቢያ ትኬቱ ምግብ ይጨምራል? «የሕዝብ ምርጫ» የሚሉት ዙር ካለ ደግሞ እሱን ያዙ፤ ኩፖን ገዝታችሁ ቀምሳችሁ ድምፅ ትሰጣላችሁ። ቪአይፒ ትኬት? ጥላና ወንበር ከፈለጋችሁ ይሁን፤ ለሥጋው ብላችሁ ግን አትግዙት።

2. አሳማ ለማይበላ

ብዙ ውድድሮች በሚከተሉት በካንሳስ ሲቲ ባርቤኪው ማኅበር ደንብ የሚወዳደሩት ሥጋዎች አራት ናቸው፦ ዶሮ፣ የአሳማ ጎድን፣ የአሳማ ሥጋ እና የበሬ ፍርምባ። ግማሹ አሳማ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የማትበሉ ከሆነ የበሬ ሥጋ ወደሚነግሥበት ቴክሳስ ሂዱ። እዚያው ቴክሳስ ውስጥ ብሬዲ የምትባል ከተማ ከ1974 ጀምሮ የፍየል ጥብስ ውድድር ታዘጋጃለች። አንድ ማሳሰቢያ፦ ከጎን የሚቀርበው ባቄላ ብዙ ጊዜ አሳማ ይገባበታል፤ ሳትጠይቁ አትጉረሱ።

3. ሰዓቱ

እኔ የደረስኩት ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ነበር፤ ከዚህ የባሰ ሰዓት የለም። በተለመደው ፕሮግራም ዶሮ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6፡00፣ ጎድን 6፡30፣ አሳማ 7፡00፣ ፍርምባ 7፡30 ለዳኞች ይቀርባል። ቡድኑ ያለው ጊዜ ከሰዓቱ 5 ደቂቃ በፊትና 5 ደቂቃ በኋላ ብቻ ነው፤ ካለፈ ሌሊቱን ሙሉ የተጠበቀው ሥጋ ዋጋ የለውም። የዳኞቹን ሥጋ በነጭ ሳጥን በሁለት እጁ ይዞ የሚራመድ ሰው ካያችሁ መንገድ ልቀቁ። እኔ አንዱን አስቁሜ የእንጨቱን ዓይነት ልጠይቅ ሞክሬ ነበር፤ የተመለከተኝን አስተያየት እስካሁን አልረሳውም።

ዓርብ ማታ ሂዱ። ፍርምባ ከ10 ሰዓት በላይ የሚወስድ ሥራ ስለሆነ ሰዎቹ እሳቱ ዳር ወንበር ዘርግተው ያድራሉ፤ ጨዋታም ይፈልጋሉ። ስለ እንጨት፣ ስለ ቅመም፣ ሥጋው ሙቀቱ አልጨምር ብሎ ለሰዓታት ስለሚቆምበት ጊዜ ጠይቋቸው። የድል ምስጢራቸውን አይነግሯችሁም፤ ስላበላሹት ግን በደስታ ያወሩላችኋል፤ የሚያስተምረውም እሱ ነው።

4. ዳኛ መሆን (አቋራጩ)

ከተወዳዳሪዎቹ እጅ በእርግጠኝነት መብላት ከፈለጋችሁ ዳኛ ሁኑ። በ1985 የተቋቋመው የካንሳስ ሲቲው ማኅበር ለማንም ሰው የሚሆን የዳኝነት ትምህርት በክፍያ ይሰጣል። ስድስት ሰው በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣል፤ መልክ፣ ጣዕምና ልስላሴ ከ9 እስከ 2 ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ 1 ደንብ ለጣሰ ነው። እየቀመሱ ማውራት ክልክል ነው። ያልጠበቅኩት ነገር የጎድኑ ነው፦ ከአጥንቱ ተንሸራቶ የሚወድቀው በዳኛ ዓይን የበሰለ ሳይሆን ያለፈበት ነው። ስትነክሱት የጥርሳችሁ ቅርጽ ሥጋው ላይ መቅረት አለበት።

በቀን 24 ቁራጭ ሊመጣላችሁ ይችላል። ከእያንዳንዱ አንድ ሁለት ጉርሻ ይበቃል። እኔ በመጀመሪያው ቀን ስድስቱንም ዶሮ እስከ አጥንቱ ጨርሼ፣ የምወደው ፍርምባ ሲመጣ ማሽተት እንኳ አቅቶኝ ነበር። ልምድ ያላቸው ዳኞች የበረዶ ሳጥን ይዘው የሚመጡት የተረፈውን ቤት ሊወስዱ ነው።

5 እና 6. ማደሪያና ሻንጣ

ሆቴሉን ከትኬቱ በፊት ያዙ፤ ትንንሾቹ ከተሞች ጥቂት አልጋ ነው ያላቸው። ቴነሲ ውስጥ ጃክ ዳንኤልስ በሊንችበርግ የሚያዘጋጀው፣ በ1989 የተጀመረው የግብዣ ውድድር ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ከተማዋ በጣም ትንሽ ስለሆነች አጎራባች ከተማ ማደርን አስቡበት።

ጥሬ ገንዘብ፣ እርጥብ ሶፍት፣ የጥርስ እንጨት፣ የተዘጋ ጫማ። ሦስት ሆናችሁ ሂዱና አንዱን ሳህን ለሦስት ተካፈሉ፤ ዳቦውን ተዉት። የለበሳችሁትን ልብስ ማታ በላስቲክ ቋጥራችሁ ለብቻው አስቀምጡ። እኔ ጃኬቴን ኋላ ወንበር ላይ ጥዬ መኪናዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጭስ ጭስ ይል ነበር።