የስፒከር ሳጥን በእጃችሁ ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰርግ ቤት የሚጮኸውን ሞንታርቦ ከፍታችሁ ብታዩት ብዙ ነገር አታገኙም። እንጨት፣ ኮላ፣ ብሎን፣ ሽቦ፣ በቃ። ታዲያ ተመሳሳይ ስፒከር ይዘው አንዱ ደረት ሲመታ ሌላው ለምን ይንጫጫል? አብዛኛውን ጊዜ ጣጣው ያለው ሳጥኑ ላይ ነው። ባለ 12 ኢንች ስፒከርና ፖርት፣ ማለትም የአየር ቱቦ ያለውን የተለመደ ሳጥን ይዘን ስህተቶቹን እንያቸው።

ሳጥኑን ከስፒከሩ በፊት መሥራት

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። "ሳጥኑ ይለቅና የሚስማማ ስፒከር እፈልግለታለሁ" የሚል ሰው ሥራውን ከጅራቱ ጀምሯል። እያንዳንዱ ስፒከር የራሱ የአየር መጠን ይፈልጋል። ያንን ለማስላት ኤፍኤስ (Fs)፣ ኪውቲኤስ (Qts) እና ቪኤኤስ (Vas) የሚባሉ፣ የስፒከሩን ጠባይ የሚገልጹ ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። በመሐንዲሶቹ በኔቪል ቲል እና በሪቻርድ ስሞል ስም ቲል-ስሞል ይባላሉ፤ ከስፒከሩ ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ አሉ። ዊንአይኤስዲ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ውስጥ ስታስገቧቸው ስንት ሊትር፣ የስንት ሴንቲ ሜትር ቱቦ እንደሚያስፈልግ ያወጣላችኋል። ቁጥሮቹ ጨርሶ ካልተገኙ ፖርት ያለውን ተዉት። ዝግ ሳጥን ስህተትን ይታገሳል።

በውጭ ልክ ማስላት

40 በ40 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን በውጭ ሲለካ 96 ሊትር ነው። እንጨቱ 18 ሚሊ ሜትር ከሆነ ውስጡ 75 ሊትር እንኳ አይሞላም። ከሱ ላይ ደግሞ የማግኔቱን፣ የቱቦውንና የድጋፍ እንጨቱን ቦታ ቀንሱ። "በሂሳቡ መሠረት ሠርቼው ቤዙ የት ሄደ?" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ሜትሩን ከየት እስከየት እንደዘረጋ ጠይቁት።

የቀዳዳውም ነገር ያው ነው። 12 ኢንች ማለት ወደ 30.5 ሴንቲ ሜትር ነው ብሎ ያንን ያህል የሚቀድ አለ። ስፒከሩ ሳጥኑ ውስጥ ይወድቅለታል! የብዙዎቹ ቀዳዳ 28 አካባቢ ነው፤ ግን ወረቀቱን ሳታዩ ወይም ራሱን ስፒከሩን ሳትለኩ አትቁረጡ።

ያገኙትን እንጨት መጠቀም

ቺፑድ ርካሽ ነው፤ ግን ብሎን በደንብ አይዝም፣ ውሃ ሲነካው ያብጣል። ቤት ለሚቀመጥ ሳጥን ኤምዲኤፍ ጥሩ ነው፤ ከባድ ነው፣ ቶሎ አይንቀጠቀጥምና የራሱን ድምፅ አይጨምርም። በየሰርጉ ፒካፕ ላይ ለሚጫን ግን እኔ ኮምፔልሳቶ ነው የምለው። ይቀላል፣ ጠርዙም ቶሎ አይፈረፈርም። ኤምዲኤፍ ስትቆርጡ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ብናኙ ደቃቅ ነው።

የሚያስተነፍስ ሳጥን

ፖርት ያለው ሳጥን አየር መውጣት ያለበት በፖርቱ ብቻ ነው። በመገጣጠሚያ፣ በሽቦ መሰኪያ ወይም በእጀታ በኩል ሲያመልጥ ቤዙ ይሳሳል፤ "ፍስስ" የሚል ድምፅም ይጨመርበታል። ኮላውን ጠርዙን በሙሉ አዳርሱ፣ እስኪደርቅ በሞርሴቶ (በመቆንጠጫ) አጥብቃችሁ ያዙት። ከደረቀ በኋላ የውስጥ ማዕዘኖቹን በሲሊኮን ዝጉ። ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ሲሊኮን ሲደርቅ የሚያወጣው እንፋሎት መዳብን ይበላል። ስለዚህ ሽታው ጨርሶ ሳይጠፋ ስፒከሩን አትግጠሙ። በስፒከሩ ጠርዝና በእንጨቱ መሀል የስፖንጅ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ይግባ።

መፈተኛው ቀላል ነው። ፖርቱን በደንብ ድፈኑ፣ የስፒከሩን ወረቀት (ፊት ለፊት የሚንቀጠቀጠውን ሾጣጣ ክፍል) ዙሪያውን በጣቶቻችሁ እኩል ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ግፉና ልቀቁት። ቀስ ብሎ ከተመለሰ ሳጥኑ ዝግ ነው። ወዲያው ከዘለለ አየሩ የሚያመልጥበትን ፈልጉ።

ግድግዳውን ያለ ድጋፍ መተው

ጎኑን በጣታችሁ አጥንት አንኳኩት። "ዱብ" ብሎ የሚያስተጋባ ከሆነ ሙዚቃው ሲጮህ እሱም አብሮ ይዘፍናል። ከጎን ወደ ጎን አንድ ድጋፍ አስገቡ፤ ግን ልክ መሀል ላይ አይሁን፤ ትንሽ ወደ አንድ በኩል ይጠጋ። የፖርቱ የውስጥ ጫፍም ከኋላው ግድግዳ ቢያንስ የራሱን ስፋት ያህል ይራቅ። የ10 ሴንቲ ቱቦ ከሆነ 10 ሴንቲ ይተውለት።

ስፒከሩን በእንጨት ብሎን ማሰር

ከባድ ማግኔት ያለው ስፒከር በየመንገዱ ይናጣል። የእንጨት ብሎን ቀዳዳውን እያሰፋ ይለቃል፤ በተለይ ለጥገና ሁለቴ ሦስቴ ከተፈታ። ጥርስ ያለውን ዳዶ ከውስጥ በኩል አስገቡና ከፊት በማሽን ብሎን እሰሩ። ዳዶው ከውስጥ ስለሆነ ብሎኑ ሲጠብቅ ይበልጥ ይነክሳል። ከፊት በኩል የከተተው ሰው ግን ብሎኑ በሳበው ቁጥር ከእንጨቱ እያላቀቀው ነው።

ብሎኖቹን እንደ መኪና ጎማ አቋርጣችሁ፣ በየተራ ትንሽ ትንሽ አጥብቁ። አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ጎረቤቱ መሄድ የስፒከሩን ብረት ያጣምማል። ካቻቢቴውንም ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙት። ማግኔቱ ይስበዋል፤ አንዴ ከእጅ ካመለጠ ወረቀቱን ይበሳዋል።

እጀታና እግር

እጀታ ሁልጊዜ ልክ በመሀል አይደለም የሚገባው። ስፒከሩ ፊቱን ስለሚያከብደው ሳጥኑ ወደፊት ይዘነበላል። ሚዛኑ የሚቆምበትን ቦታ አንስታችሁ ፈልጉና ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርጉ። ወደ ውስጥ የሚገባ ርካሽ የፕላስቲክ እጀታ ከሆነ ከኋላው ሽፋን ይኑረው፤ ካለዚያ ሌላ ፖርት ከፈታችሁ ማለት ነው። ከሥሩ አራት የላስቲክ እግር ይበቃል።

ብረት መብሳት ካለ ስፒከሩ ከመግባቱ በፊት ይለቅ። ብናኝ ብረት የማግኔቱ ክፍተት ውስጥ ከገባ ስፒከሩ ይፋጫል፤ ማውጣቱም ከባድ ነው። ቀለሙም እንደዚሁ፣ ቀድሞ ይድረቅ።

ሽቦ ማገላበጥ

ሁለት ሳጥን ስትሠሩ 1.5 ቮልት ባትሪ ውሰዱ። ፖዘቲቩን ከፕላሱ፣ ኔጋቲቩን ከማይነሱ ለአፍታ ብቻ አስነኩ። ወረቀቱ በሁለቱም ሳጥን ላይ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። አንዱ ወደ ውስጥ ከገባ የሱን ሽቦ አዙሩት። ባትሪ ካጣችሁ ደግሞ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁማችሁ እያጫወታችሁ ሞክሩ፤ አምፕሊፋየሩን አጥፍታችሁ የአንዱን ሽቦ ስታዞሩ ቤዙ ከጨመረ፣ ሁለቱ ተገለባብጠው ነበርና እንደዞረ ተዉት።